በውርጭ ወራት ዶሮን ስለ መጠበቅ

በደጋ አገር ለሚኖሩ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ጧት ወደዚህ ስትመጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ማታ ለዶሮዎቻችሁ በገል ያስቀመጣችሁት ውሃም ላዩ እንደ መስተዋት ረግቶ አድሯል። ይህ ውርጭ ነው። ዛሬ የመጣነው ስለ ውርጭና ስለ ዶሮ ልንነግራችሁ ነው።

እኛ ከሩቅ የመጣን አይደለንም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የምንኖር ስድስት ጎረቤታሞች ነን። መሬታችን ገብስና ባቄላ ያበቅላል። ሁላችንም ዶሮ እናረባለን። ከመካከላችን ሁለታችን ፊደል የቆጠርነው ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። ስለዚህ የምንናገረው ግማሹ ከመጽሐፍና ከግብርና ሠራተኞች የተማርነው፣ ግማሹ ደግሞ ተሳስተን ያወቅነው ነው። ስለ ስሕተታችን ቆይተን እንነግራችኋለን።

"ዶሮ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆና ነው ሰው የሚሰበሰብላት?" የሚል ይኖራል። ስለ በሬ ሲወራ ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል፤ ስለ ዶሮ ሲወራ ግን ወንዶቹ ወደ ውጭ ማየት ይጀምራሉ። ይኸው አሁንም አንዳንዶች ጀምራችኋል። እስቲ እንጠይቃችሁ። ለቤት የሚሆነው ጨው በምን ይገዛል? ሳሙናውስ? የልጁ ደብተርና እርሳስስ? በሬ ሸጦ ደብተር የሚገዛ የለም። እናት እንቁላሏን ቋጥራ ገበያ ትወርዳለች፤ ጨውና ደብተር ይዛ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ የሴት እጅ ብቻ የሚያዝበት ገንዘብ ይህ ነው።

ጊዜውንም ተመልከቱ። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ እንቁላል የሚገዛ ሰው ያንሳል። እናት እንቁላሏንም አውራ ዶሮዋንም ለገና ታቆያለች። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነው። ዶሮ በዓመቱ ውስጥ ጥሩ ዋጋ ከምታወጣባቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው። ውርጩስ የሚበረታው መቼ ነው? በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። እንግዲህ ውርጩ የሚመጣው ልክ ዶሮዋ ለገበያ በደረሰችበት ጊዜ ነው ማለት ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ 5 ዶሮ የሞተባት ሴት የዓመት ጨዋን አጣች ማለት ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናስታውሳችሁ። አሁን ማንበብ ስለምትችሉ ስለ ዶሮ የተጻፈ መጽሐፍ እጃችሁ ሊገባ ይችላል። ከባሕር ማዶ መጽሐፍ የተተረጎመ ከሆነ "በክረምት ዶሮን ከብርድ ጠብቁ" ይላል። እነሱ ክረምት የሚሉት በረዶ መሬቱን የሚሸፍንበትን ወር ነው። የእኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። የእኛ ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስታነቡ "ክረምት" የሚለውን "ኅዳርና ታኅሣሥ" ብላችሁ ተረዱት።

ለምን ይሆን ሰማይ ሲጠራ የሚበርደው? ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ማታ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ደመና ካለ ሙቀቱን ይይዘዋል። ደመና ከሌለ ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል፤ መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛው ረግቶ ውርጭ ይሆናል። ደግሞም አገር ከፍ ባለ ቁጥር ይበርዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በእነዚህ ወራት ሌሊት ብርዱ ውሃ ከሚረጋበት ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስታችን ገንዘብ አዋጥተን 20 ቄብ ዶሮ ገዛን። ዘራቸው የውጭ ነበር። አንድ የጋራ የዶሮ ቤት ሠራን። ታኅሣሥ ገባ፤ ውርጩ ወረደ። ተጨነቅን። "እነዚህ የፈረንጅ ዶሮዎች ብርዱን አይችሉትም" ተባባልን። የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ መረግን። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በጆንያ ወተፍን። በመጨረሻ ከሰል አቀጣጥለን ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባንና በሩን ዘጋን። ደስ ብሎን ተኛን።

ጧት በሩን ስንከፍት 14ቱ ከቆጣቸው ሥር ወድቀው አገኘናቸው። የተረፉትም አንገታቸውን አቀርቅረው ያዛጉ ነበር። "ብርድ ፈጃቸው!" ብለን ጮኽን። ጎረቤት ተሰበሰበ።

ከተሰበሰቡት መካከል አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ገቡና አዩ። የሞተችውን አንዷን አንሥተው አገላበጧት። ከዚያም እንዲህ አሉን፦

"ልጆቼ፣ ብርድ የመታው ዶሮ እንዲህ አይሆንም። ይኸው የእኔዋ ገብስማ ዶሮ ከቤት አልገባም ብላ ዛፍ ላይ አድራለች። ወጥታችሁ እዩዋት፤ ስትጭር ነው ያለችው። እነዚህን የገደላቸው ብርድ አይደለም። እናንተ ናችሁ።"

አፈርን። ግን እውነት ነበር። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ዓይን የማያየው፣ አፍንጫም የማያሸተው መርዝ ይወጣል። የተማሩ ሰዎች ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሉታል። ሰውንም ከብትንም ዶሮንም በእንቅልፉ ይገድላል። ያን ማታ ከመካከላችን የአንዱ ልጅ "ዶሮዎቹን እየጠበቅሁ እዚያው ልደር" ብሎ ለምኖን ነበር። እናቱ እንቢ አለች። እስከ ዛሬ ድረስ ስናስበው ሰውነታችን ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቃላችን ይህ ነው። ከሰል ወደ ዶሮ ቤት አይግባ። እናንተ በተኛችሁበት በተዘጋ ቤትም አይደር። ውርጭ ቢበረታ ጋቢ ይደረባል እንጂ ከሰል ታቅፎ አይተኛም።

እንግዲህ አሮጊቷ እናት ያሉትን እንመርምር። ዛፍ ላይ ያደረችው ዶሮ እንዴት ዳነች?

ዶሮ የራሷ ካባ አላት። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። የሰው ሙቀት 37 ገደማ ስለሆነ እሷ ከእኛ ትሞቃለች። ሲበርዳት ላባዋን ትነፋዋለች፤ ኳስ ትመስላለች። በላባው መካከል የታመቀው አየር ሙቀቷን ይይዝላታል። ላባ በሌለው እግሯ ላይ ቁጭ ትልበታለች። ራሷን ከክንፏ ሥር ትወሽቃለች። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋታል። ላባዋ ደረቅ መሆን አለበት። ሆዷም ባዶ መሆን የለበትም። የረጠበ ላባ አየር አይዝም። ጋቢያችሁ ዝናብ ሲመታው ታውቁት የለም? እንደዚያው ነው። የራባት ዶሮም ማገዶ እንደሌለው ምድጃ ናት።

ስለዚህ ትልቋን ዶሮ የሚገድላት ብርዱ ብቻውን አይደለም። ርጥበት፣ ቀጥታ የሚመታ ነፋስ፣ ረሃብ፣ ጥማትና የታፈነ አየር ናቸው። ጫጩት ግን ሌላ ነው፤ ስለ እሱ ለብቻው እንነግራችኋለን።

ርጥበቱ ከየት ይመጣል? ትላላችሁ። አሁን በጋ ነው፤ ዝናብ የለም። ርጥበቱ የሚመጣው ከራሷ ከዶሮዋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ እንፋሎት አለው። ኩሷም ውሃ አለው። ቤቱ ተመርጎ ከተዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ጣሪያው ላይ ይጠራቀምና ጧት ያንጠባጥባል። ላባው ይርሳል፤ በራሷ ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ ይረጥባል። የረጠበ ሥጋ ደግሞ ቶሎ በውርጭ ይመታል። መጀመሪያ ጫፉ ይነጣል፤ ቆይቶ ይጠቁራል። ይህ ነገር ይበልጥ የሚጎዳው የራሳቸው ሥጋ ትልልቅ የሆነውን እንደ ነጭ ሌግሆርን ያሉትን ነው። ብዙዎቹ የአገራችን ዶሮዎች የራስ ሥጋቸው አጭርና ዝቅ ያለ ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። የተመታ ዶሮ ብታገኙ ሥጋውን አትሹት፤ እሳት ዳርም አታስጠጓት። ደረቅና ነፋስ የሌለበት ቦታ አስቀምጧትና በራሱ ጊዜ ይሙቅ።

ቤቱን የታፈነ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። የረጠበ ኩስ ይሸታል፤ ዓይን ያቃጥላል። እናንተ ጧት ጎንበስ ብላችሁ ወደ ዶሮ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ፣ ዶሮዋ ሌሊቱን በሙሉ ስትቃጠል አድራለች ማለት ነው። ጉሮሮዋ ይቆስላል። ከዚያ በኋላ ትንሽ በሽታ ሲመጣ ይጥላታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነፋስ ዶሮዋን አይምታት፤ እንፋሎቱ ግን ይውጣ። ይህ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዶሮዋ ከምታድርበት ከቆጡ በታችና በቆጡ ትይዩ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ጭድ በተደባለቀበት ጭቃ ምረጉ። ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ግን አንድ ጋት የሚያህል ክፍተት ተዉ። ክፍተቱ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን አይሁን፤ በተቃራኒው ይሁን። የሞቀ እንፋሎት ሽቅብ ስለሚሄድ በዚያ ይወጣል። ሸለምጥማጥ እንዳይገባበት ቀጫጭን እንጨት ወይም ሽቦ አግዱበት።

ቤቱን የት እንሥራው? ከጎድጓዳ ቦታ አይሁን። የበረደ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። ውርጩ የሚበረታው ታች ሜዳውና ጎድጓዳው ላይ እንደሆነ በባቄላችሁ ታውቁታላችሁ። ከፍ ብሎ፣ ከድንጋይ አጥር ወይም ከቁጥቋጦ ጀርባ ቢሆን ደግ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ነው። እሳት ከሚነድበት ወገን ካለው ግድግዳ ጋር አያይዛችሁ በውጭ በኩል ትንሽ ጥግ ብትሠሩላቸው፣ የምድጃው ሙቀት በግድግዳው በኩል ይደርሳቸዋል፤ ጭሱ ግን አይደርሳቸውም። እናንተም ከኩሳቸውና ከትቢያቸው ትድናላችሁ። በመንዝ አካባቢ ያያችሁ እንደሆነ ግድግዳው የድንጋይ ነው፤ ጣሪያው በጓሳ ሣር ይከደናል። ጓሳ ሙቀት በመያዝ ከቆርቆሮ ይሻላል። ቆርቆሮ ከሆነባችሁ ከሥሩ ጭድ ወይም ሣር አንጥፉበት፤ ያለዚያ ጧት ጧት ያንጠባጥባል።

ብዙ ሰው ዶሮውን ከብት ጋር ያሳድራል። ከብቱ ያሞቃታል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሽንቱና እበቱ ቤቱን ያረጥበዋል። እዚያ ማሳደር ግድ ከሆነ ቆጡን ከፍ አድርጉት፤ ቤቱንም በየቀኑ ጥረጉ።

ቆጡ ራሱ ምን ይሁን? ብዙዎቻችን ቀጭን ዱላ አጋድመን "ይበቃታል" እንላለን። አይበቃም። ዶሮ በቀጭን እንጨት ላይ ስታድር ጣቶቿ ተጠቅልለው ውጭ ያድራሉ፤ ውርጭ ያገኛቸዋል። እንጨቱ ከሦስት እስከ አራት ጣት ስፋት ኖሮት ላዩ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ደረቷን ጣቷ ላይ አሳርፋ ታሞቀዋለች። ብረት አታድርጉ። ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ቦታ ስጧት። ተጠጋግተው ቢያድሩ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ፤ ከመጠን ካለፈ ግን ይታፈናሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ5 ዶሮ በላይ አታሳድሩ።

ከቆጡ ሥር ወለሉ ላይ የገብስ ጭድ ጎዝጉዙ። ውፍረቱ ግማሽ ስንዝር ይሁን። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በመንሽ አገላብጡት፤ የረጠበውን አውጡና ደረቅ ጨምሩ። የወጣው አይጣል፤ ለጓሮ ጎመን ከሱ የሚሻል ማዳበሪያ የለም። በአንድ ጥግ ደግሞ ደረቅ አመድና አፈር ደባልቃችሁ ብታስቀምጡላቸው ይታጠቡበታል። ቅማልና ቁንጫ ይቀንሳል። በቅማል የተበላ ላባ ሙቀት አይዝም።

ስለ ውሃ እንነጋገር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። "ይህን በመሰለ ብርድ ዶሮ ምን ውሃ ያምራታል?" ይላል። ነገር ግን እንቁላሉን ሰብራችሁ ከቅርፊቱ ያለውን ብትመዝኑት ከአራት እጁ ሦስቱ ውሃ ነው። ውሃ ያልጠጣች ዶሮ እንቁላል ከየት ታመጣለች? የምትጠጣው ውሃ ክብደቱ ከምትበላው እህል ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ጧት ከቆጧ ወርዳ ገሉን ስትነካው እንደ ድንጋይ ረግቶ ካገኘችው ሳትጠጣ ትውላለች። ውሃ ሳትጠጣ ደግሞ እህሉንም በሚገባ አትበላም።

ስለዚህ ማታ ውሃውን ድፉት። ዕቃውንም ግልብጥ አድርጉት፤ ውሃ የረጋበት ሸክላ ይሰነጠቃልና። ጧት ቡና ስታፈሉ ወይም ለልጆች ውሃ ስታሞቁ ትንሽ ለብ ያለ ጨምራችሁ ስጧቸው። የፈላ አይሁን፤ እጅ የማያቃጥል ብቻ ይሁን። ዕቃውን ፀሐይ ቀድማ የምትወጣበት ቦታ አድርጉት። ቀን ሁለት ጊዜ ብትቀይሩ ይበቃል።

መኖውስ? በብርድ ጊዜ ዶሮ ከወትሮው የበለጠ ትበላለች፤ የምትበላው ለእንቁላል ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም ነውና። ሙሉ በሙሉ ሰው የሚቀልባት የምትጥል ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ገደማ መኖ ትፈልጋለች። የእኛዎቹ ቀን ጭረው ከአውድማ ስለሚለቅሙ ያን ያህል መስጠት የለብንም። ዋናው ሰዓቱ ነው። ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ወደ ቆጥ ከመውጣታቸው በፊት፣ ለእያንዳንዷ ግማሽ ጭብጥ ያልተፈጨ ገብስ በትኑላቸው። ሙሉ እህል ቶሎ አይፈጭም። ሌሊቱን ቀስ እያለ ሲፈጭ ሰውነቷን ያሞቃታል። አንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳስሱት፤ ሞልቶ ካገኛችሁት ሳትሰጉ ተኙ። ጧት ሆድ ባዶ ከቤት የማይወጣው ሰው ብቻ አይደለም፤ ለእነሱም ትንሽ ጣል አድርጉላቸው። ጎመን ካለም ቅጠሉን አንጠልጥሉላቸው።

እንቁላልን ቶሎ ቶሎ ልቀሙ። ጧት የተጣለ እንቁላል እስከ ማግስቱ ጎጆው ውስጥ ካደረ፣ ረግቶ ይሰነጠቃል። ለማስታቀፍ ያሰባችሁትማ ከሆነ ውርጭ የመታው አይፈለፈልም። የሚታቀፈውን እንቁላል ከመኝታ ቤት ጥግ፣ እሳት ከማይነካው ቦታ አስቀምጡ፤ ከሳምንት እስከ 10 ቀን በላይ አታቆዩት።

አሁን ወደ ጫጩት እንምጣ። እዚህ ላይ እኛ ስድስታችን እንኳን አንስማማም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ "በኅዳር ዶሮ ማስታቀፍ እብደት ነው፤ ጫጩቱ በውርጭ ያልቃል" ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ "እህል ያለው አሁን ነው፤ አውድማው ሞልቷል፤ በሐምሌ ብናስታቅፍ ዝናቡና ጭልፊቱ ይጨርሰዋል" ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ 21 ቀን ትቆያለች። የውርጩን ማየል ለመሸሽ የፈለገ በጥር መጨረሻ ያስታቅፍ፤ ጫጩቶቹ በየካቲት ይፈለፈላሉ፤ ሌሊቱም መለስ እያለ ይሄዳል። አሁን ያስታቀፈ ሰው ግን አይደንግጥ፤ ማታ ማታ ይጠብቅ እንጂ።

ጫጩት ትልቋ ዶሮ ያላትን ካባ የላትም። ሰውነቷ ላይ ያለው ለስላሳ ጸጉር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ላባ እስኪያወጡ ይቀጥላል። ይህን ሙቀት እናታቸው በክንፏ ትሰጣለች። እናት ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ወለል ላይ፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ በትልቅ ቅርጫት ክደኑ፤ ከሥሩ ደረቅ ጭድ ይኑር። ቆጥ ላይ እንድትወጣ አትተዉ፤ እሷ ከወጣች ጫጩቶቹ ታች ይቀራሉ። ከክንፏ በላይ የሆነ ጫጩትም አታሳቅፏት። 10 ወይም 12 ይበቃታል።

እናት የሌላቸው ጫጩቶች የገዛ ሰውስ ምን ያድርግ? መብራት በሌለበት ቤት የሚያገለግል አንድ ብልሃት አለ። የጭድ ሣጥን ይባላል። አንድ ትልቅ ሣጥን ትሠራላችሁ። በውስጡ ትንሽ ሣጥን ወይም ቅርጫት ትከታላችሁ። በሁለቱ መካከል በየዙሪያው ግማሽ ስንዝር ያህል ክፍተት ይኑር፤ እዚያ ደረቅ ጭድ ጠቅጥቃችሁ ትሞላላችሁ። ወለሉም ጭድ ነው። ክዳኑ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይሆናል። አየር የሚገባበት ጥቂት ቀዳዳ ይበሳል፤ ይህን አትርሱ፤ የእኛን ነገር አስታውሱ። ጫጩቶቹ ማታ እዚያ ይገባሉ። እሳት የለ፣ መብራት የለ፤ የገዛ ሰውነታቸው ሙቀት በጭዱ ታግቶ ያሞቃቸዋል። 40 ወይም 50 ሲሆኑ ጥሩ ይሞቃሉ፤ አምስት ስድስት ቢሆኑ ግን ሙቀታቸው አይበቃም። ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ከሣጥኑ ፊት በታጠረ ቦታ ይውላሉ።

ሙቀቱ መብቃቱን በምን ታውቃላችሁ? ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ክምር ብለው ተቆልለው የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ከሥር ያለው ይታፈናል። አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል። ተዘርግተው ዝም ብለው ከተኙ ደግ ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር ብንሄድ ግን ሥራችን ጎደሎ ይሆናል። በዚህ አገር በውርጭ ወራት ዶሮ ሲሞት ሁሉም "ብርድ መታው" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የገደለው ፈንግል ነው። ልዩነቱን እወቁ። ብርድ የሚገድለው ሌሊት ነው፤ የሚገድለውም ጫጩትን፣ ደካማንና የረጠበውን ነው። ፈንግል ግን ቀንም ሌሊትም፣ የወፈረውንም የከሳውንም ይገድላል። ከአንድ ቤት ተነሥቶ በጥቂት ቀን መንደሩን ያዳርሳል። ዶሮዋ አረንጓዴ ተቅማጥ ያስቀምጣታል፤ አፏን ከፍታ ታቃስታለች፤ አንገቷ ይጠማዘዛል፤ ክንፏ ይወድቃል። ይህን ካያችሁ ቤት ማሞቅ ምንም አይጠቅምም።

ለፈንግል መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ነው። የእንስሳት ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ከፈንግል ክትባቶች አንዱ ሙቀትን የሚችል ስለሆነ ወደ ገጠር ለመውሰድ ይመቻል፤ የሚሰጠውም በዓይን አንድ ጠብታ በማንጠብጠብ ነው። በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል። የሚከተበው ጤነኛ ዶሮ ነው፤ ከታመመች በኋላ አያድናትም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ተሰባስባችሁ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ከውርጩ ወራት በፊት ጥሩት። አንድ ቤት ተከትቦ አምስት ቤት ቢቀር ብዙ ጥቅም የለውም።

እዚህ ላይ ደግሞ ልባችሁን የምናስከፋ ነገር እንናገራለን። ዶሮዋ ስታንቀላፋ ያየ ሰው "ሳትሞት ልሽጣት" ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ገናም ደርሷል፤ ገዢ አይጠፋም። እኛም አድርገነው እናውቃለን፤ አንዋሻችሁም። ነገር ግን ያቺ ዶሮ ገበያ ላይ ከ20 ዶሮ ጋር ታስራ ትውላለች። ማታ 20ው ወደ 20 ቤት ይሄዳል። በሳምንቱ የእኅታችሁ ዶሮ፣ የአማታችሁ ዶሮ ያልቃል። በማግስቱ ገበያ የምትገዙትም ከዚያው ነው። የታመመችውን ለብቻ አግልሏት። የሞተችውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሯት፤ ለውሻ አትጣሉ። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ከእነዚያ ከ14ቱ በኋላ የተረፉን 6 ዶሮዎች ነበሩ። አሮጊቷ እናት ገብስማ ዶሯቸው ያስታቀፏቸውን ጫጩቶች ከፍለው ሰጡን። ዋጋ ብንላቸው "እንቁላል ስታገኙ ትመልሳላችሁ" አሉን። ያን ጆንያ ከጣሪያው ሥር አውጥተን ጣልነው። ከዚያ ወዲህ በየታኅሣሡ የሞተብን አንድ ሁለት ጫጩት እንጂ ትልቅ ዶሮ የለም።

እንግዲህ ንግግሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ከበሩ ውጭ ሁለት ሣጥንና አንድ ጆንያ ጭድ አምጥተናል። የጭዱን ሣጥን አሁን አብረን እንሠራዋለን። እናቶች ወደ ፊት ቅረቡ፤ ወንዶች ደግሞ መዶሻውን ያዙ። ሲያልቅ ሣጥኑ እዚሁ ትምህርት ቤቱ ይቀራል፤ መለካት የፈለገ ሰው ገመዱን ይዞ መጥቶ ይለካ።